ሰባቱ ውስጥ አምስት አለ

ሰኞ፣ የካቲት 2

ዜሮ፣ ቀሪ አምስት። ዜሮ፣ ቀሪ አምስት። ዜሮ፣ ቀሪ አምስት። ሠላሳ አንድ ደብተር ላይ ይኸው አንድ መልስ!

ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት «ተካፋይ 17፣ አካፋይ 5። ድርሻና ቀሪ ፈልጉ» የሚል ነበር። ድርሻ ሦስት፣ ቀሪ ሁለት። ከዚህ የቀለለ ምን አለ? ሦስት ሳምንት የለፋሁት ለዚህ ነው? ሠላሳ አንድ ልጅ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ስሕተት አይሳሳትም። ተኮራርጀዋል። ደብተሮቹን ሰብስቤ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኳቸውና «ሌቦች» አልኳቸው። ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት።

ከዚያ ደግሞ ፈንታ። ከኋላ የሚቀመጥ፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነው። «እሺ፣ አንተ ንገረን፤ ቀሪው ስንት ነው?» ስለው ዞር ዞር ብሎ ክፍሉን ቃኘና «ዛሬ ቀሪ ሁለት ነው፣ እትዬ። ማሬና ጌጤ» አለኝ። አልሳቀም። ሌላውም አልሳቀም። እኔ ግን የሚያሾፍብኝ መስሎኝ አስወጣሁት። አሁን ሳስበው መልሱ ልክ ነው፤ ሁለት ነው። ልክ የሆነው ግን ከስም መጥሪያው መዝገብ ነው። ይህ ነው የሚያበሽቀኝ።

አምና ይህን ጊዜ ጎንደር፣ አራዳ አጠገብ፣ ሰባተኛ ክፍል አስተምር ነበር። የአንድ ባለሥልጣን ልጅ በሒሳብ ከመቶ ሠላሳ አመጣ። አምሳ አድርጊለት ተባልኩ። አላደርግም አልኩ። ስብሰባ ተጠርቶ ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። ያጠፋሁት የለም ብዬ ተቀመጥኩ። በሳምንቱ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የሚል የዝውውር ደብዳቤ መጣ፤ ይኸው አይከል ዳርቻ፣ አራተኛ ክፍል፣ አርባ ሦስት ልጅ። ይግባኝ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ሦስቱም የት እንደገቡ አላውቅም።

ዛሬ ከሰዓት ዳይሬክተራችን ጓድ ታፈረ አስጠራኝ። ዓርብ ኢንስፔክተር ይመጣል። አራተኛ ክፍልን በማካፈል ይፈትናል። አሥር ጥያቄ፣ አምስት ያገኘ አለፈ። ከአራት እጅ ሦስቱ ካለፈ ይግባኜ ከድጋፍ ሐሳብ ጋር ይላካል። ካላለፈ «የሙያ ድክመት» ተብሎ ማኅደሬ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ጎንደርን በሕልሜ ነው የማየው።

አራት ቀን አለኝ። ዜሮ፣ ቀሪ አምስት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ባቄላ ይዤ ገባሁ። አምስት ልጅ ፊት ለፊት አቆምኩ፣ አሥራ ሰባት ፍሬ ባቄላ ለእንጉዳይ ሰጠኋትና «አካፍያቸው» አልኳት።

እንጉዳይ ከሁሉም ርቃ የምትመጣ ልጅ ናት፤ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ። ትንሽ ናት፣ ድምፅዋ አይሰማም፣ ደብተሯን ከነጠላዋ ሥር ደብቃ ነው የምትይዘው። አንዳንድ እያለች አዞረች። ሦስት ሦስት ደረሳቸው። ሁለቱን ፍሬ መዳፏ ላይ ይዛ ቆመች።

«እነዚህስ?»

«ተረፉ፣ እትዬ።»

«ለምን አትሰጫቸውም?»

«ለማን ሰጥቼ ለማን ልከልክል?»

ልስማት ምንም አልቀረኝ። ፈንታ ከኋላ «ይቆረጡ! ይቆረጡና ለሁሉም ይድረስ!» ብሎ ጮኸ። ባቄላ አይቆረጥም አልኩት። «ሥጋ ቢሆን ይቆረጥ ነበር» አለ እያጉረመረመ። ይሁን። ስምንት ጊዜ በሌላ ሌላ ቁጥር ደገምን፣ ስምንቱንም ጊዜ ልክ።

ደስ ብሎኝ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። «ተካፋይ 19፣ አካፋይ 4።» እንዳይኮራረጁ አራርቄ አስቀመጥኳቸው፤ ግማሹን ውጭ፣ ግድግዳው ጥግ። ደብተር ሰበሰብኩ።

ዜሮ፣ ቀሪ አራት። ዜሮ፣ ቀሪ አራት። ሃያ ስምንት ልጅ!

ጠመኔውን ሰበርኩት። አንድ ሰው ባቄላ ሲያካፍል ጎበዝ፣ ቁጥር ሲያካፍል ደንቆሮ እንዴት ይሆናል? በተለያየ ቦታ ተቀምጠው ከማን ኮረጁ?

ጓድ ታፈረ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ነበር። ቢሮው ወሰደኝና የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። «የዓርብ ጥያቄዎች ናቸው። ቀድመው ልከውልኛል። አሥር መልስ ነው፣ ሰናይት፤ መዝሙር በቃላቸው ይይዙ የለም እንዴ? እንዲሁ አስይዣቸው።» ድምፁ የክፉ ሰው ድምፅ አይደለም። የሚፈራ ሰው ድምፅ ነው። አምስት ልጆች አሉት፤ ትምህርት ቤቱ ቢዋረድ አብሮ የሚጠየቀው እሱ ነው። «እኔ ክፉሽን አልፈልግም፣ ወደ ቤትሽ ብትገቢ ነው ደስ የሚለኝ» አለኝ።

ወረቀቱን ሳልገልጠው የስም መጥሪያው መዝገብ ውስጥ ከተትኩት። አሁን እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ብዕሬን ባነሣሁ ቁጥር ዓይኔ ወደዚያ ይሄዳል።

አባባ ባለፈው ደብዳቤው «ሃያ ነጥብ ነው፤ ከኪስሽ አይወጣ» ብሎኝ ነበር። ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ነው የሚሠራው፣ ሃያ ዓመት አንዲት ጠብታ ያላዛባ ሰው! ለእሱ ጠብታ ነገር ነው፣ የእኔ ነጥብ ግን ነገር አይደለም።

ወረቀቱን አልገለጥኩትም። አላየሁትም ብል የሚያምነኝ የለምና ለራሴ እዚህ ልጻፈው።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ወየው ጉዴ።

ጠዋት በሩ ገና ሳይከፈት እንጉዳይ ብቻዋን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሌላ ዘዴ ስላልነበረኝ ዝም ብዬ ጠየቅኋት። «እንጉዳይ፣ ትናንት ዜሮ ቀሪ አራት ያልሽው ከማን አይተሽ ነው?»

«ከማንም አላየሁ።»

«ታዲያ እንዴት ዜሮ ሆነ?»

መሬት መሬት እያየች ነገረችኝ። «ተካፋዮቹ አሥራ ዘጠኝ ናቸው ብለው የለም? መደቡ አራት ነው። አራት መደብ ሥጋ ለአሥራ ዘጠኝ ሰው እንዴት ይደርሳል? ለማንም አልደረሰ፣ አራቱም እንዳለ ቀረ።»

«አራት ያልኩት እኮ አካፋዩን ነው።»

«አካፋይማ አንድ ሰው ነው፣ እትዬ። ሥጋውን የሚያካፍለው አያ ድረስ ነው። አራት አካፋይ ቢላዋ ይዞ ምን ያደርጋል? ይጣላል እንጂ። ስለዚህ አራቱ መደቡ ነው ብለን ነው።»

ደረጃው ላይ እንደተቀመጥኩ ፊቴ ጋለ። ቅርጫ! እዚህ አገር ልጅ ሁሉ ተካፋይ ማለት ምን እንደሆነ መራመድ ሳይችል ያውቃል። በሬ ሲታረድ ከመደቡ አንዱን የሚወስደው ሰው ነው ተካፋይ። መጽሐፉ ግን ተካፋይ የሚለው የሚቆረሰውን ነው፣ በሬውን! እኔም መምህራን ማሠልጠኛ እንደነገሩኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ተካፋይ፣ አካፋይ» እያልኩ ስጮህ ከረምኩ። እነሱም የሰሙትን በትክክል ሠሩ። አምስት ለአሥራ ሰባት፦ ዜሮ፣ ቀሪ አምስት። አራት ለአሥራ ዘጠኝ፦ ዜሮ፣ ቀሪ አራት። አንድም አልተሳሳቱ። በኩረጃም አይደለም፤ ሁሉም አማርኛ ስለሚያውቅ ነው።

እኔ ግን ሌቦች አልኳቸው።

ቀሪውም እንዲሁ። በየቀኑ ጠዋት መዝገብ ይዤ «ቀሪ ስንት ነው?» የምለው እኔው ነኝ። ፈንታ ምን ይበለኝ?

ክፍል ገባሁና ሁሉንም አስቀመጥኩ። እንዴት እንደምጀምር ጨነቀኝ። በመጨረሻ «ዛሬ ግለ ሂስ አደርጋለሁ» አልኩ። ቃሉን ያውቁታል፤ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ እኛው ግቢ ነው የሚደረገው። ሰኞ ሌቦች ያልኳችሁ በደል ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ፈንታን ያስወጣሁትም በደል ነው አልኩ። ጎንደር ላይ ስብሰባ ፊት ቆሜ እምቢ ያልኩትን ነገር እዚህ አርባ አንድ ልጅ ፊት አደረግሁት። ያኔ ጥፋት አልነበረብኝም፣ ዛሬ አለብኝ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ፈንታ ብድግ አለና ልክ እንደ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሂሱን ተቀብለናል። ጓድ እትዬ ይቀመጡ» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ሳቅ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ በሬ ሣልኩ፤ ፍየል ይመስላል አሉ። «ወረቀት ላይ ሲሆን ተካፋዩ በሬው ነው» አልኩ። ተንጫጩ። «በሬው ምኑን ይካፈላል?» አለ አንዱ። «ራሱን!» አለች እንጉዳይ። ድምፅዋን ክፍል ውስጥ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ወረቀቱን ለጓድ ታፈረ መለስኩለት። «አይተሽዋል?» አለ። አላየሁም አልኩት። እንደታጠፈ አገላብጦ አየውና «አንቺ ሴት፣ እልህ ይገድልሻል» አለኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

የሚያስጨንቁኝ ነገሮች፦

ዛሬ ሃያ ልጅ ቀሪ ነው (መዝገብ ላይ ያለው ቀሪ)። ቅበላ ነው፣ ሰኞ ጾም ይገባል፤ በየመንደሩ ቅርጫ አለ፣ ሥጋ ተሸክሞ ወደ ቤት የሚያደርሰው ልጅ ነው።

ትናንት ያስተማርኩት አድሮ ይገኝ እንደሆነ አላውቅም።

ነገ ዓርብ ነው።

የመጡት ሃያ ሦስት ልጆች ላይ ጮኼ የቀሩትን አላመጣም። ስለዚህ የመጡትን ይዤ ወደ ቀሩት ሄድኩ፣ ከትምህርት ቤቱ በታች ዋርካው ሥር። ጓድ ታፈረን አላስፈቀድኩም። ብጠይቀው እምቢ ነው የሚለው።

በሬው ወድቆ፣ ተገፎ፣ ቅጠል ላይ አሥራ አራት መደብ ተደርድሯል። አያ ድረስ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ ከዚህ ቆረጥ፣ ወደዚያ ጣል ያደርጋል። ሽበታም ሽማግሌ ነው፣ ሚዛን የለው፣ ዓይኑ ነው ሚዛኑ። ሲያየን ቢላዋውን አቆመ።

«ምነው አስተማሪዋ፣ ትምህርት ቤቱን ነቅለሽ አመጣሽብን? አሥራ አራት ነን፣ ለዚህ ሁሉ ሰው አይበቃም!»

«ልንበላ አይደለም አያ፣ ልንማር ነው» አልኩት።

«ከእኔ? እኔ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ እንዴ?»

ፈንታ አላስቻለውም። «አያ ድረስ፣ ወረቀት ላይ ተካፋዩ በሬው ነው!»

«በሬው?» አያ ድረስ በሬውን አየ፣ ሰዎቹን አየ። «በሬው ከተካፈለ እኛ ምን ልንበላ ነው? እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚህ መንግሥት በሬውም አባል ሆነ!» ሰዎቹ ሳቁ፤ አንዱ ዙሪያውን ገልመጥ አደረገና ሳቁን ዋጠው።

ልጆቹ መቁጠር ጀመሩ። ጎድን ሃያ ስድስት፣ መደብ አሥራ አራት፤ አንድ አንድ፣ ቀሪ አሥራ ሁለት። «እነሱን እቆርጣቸዋለሁ፣ እኔ ዘንድ ቀሪ የለም» አለ አያ ድረስ። ሁሉንም ነገር እንዲሁ ቆረጠ፣ ኩላሊቱን ሳይቀር። ፈንታ አሸነፍኩሽ በሚል ዓይን አየኝ። ከዚያ እንጉዳይ በቀስታ ጠየቀች።

«አያ፣ ቀንዱስ?»

«ቀንዱ ሁለት ነው፣ ልጄ። ቀንድ ተቆርጦ ለማን ይረባል? ለማንም አይደርስ። ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

«ዜሮ፣ ቀሪ ሁለት» አለች። ለእኔ አይደለም ያለችው፣ ለራሷ ነው።

ሸጋ ውሎ ነው የዋልነው። ስንመለስ ጓድ ታፈረ በሩ ላይ ቆሟል። «ተማሪ ከሥጋ መከፋፈያ? ኢንስፔክተሩ ቢሰማ ኋላ ቀር ልማድ ስታስፋፋ ነበር ብሎ ነው የሚጽፍብሽ! የሚጽፍብን!» እጄ የደም ሽታ አለው፤ ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፣ አልለቀቀም።

ዓርብ፣ የካቲት 6

አለፈ። አለፈ ልበል? በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አርባ ልጅ መጣ። ሦስቱ ዘመድ ጋ ለቅበላ ሄደዋል። ስለዚህ ከአራት እጅ ሦስቱ ሠላሳ ነው።

ኢንስፔክተሩ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ቦርሳውን ከብብቱ የማያወጣ ሰው ነው። መጀመሪያ በቃል ጠየቀ። በሰው ሁሉ መካከል ጣቱ ያረፈው ፈንታ ላይ!

«ተካፋይ ማለት ምን ማለት ነው?»

«በሬው ነው፣ ጓድ።»

ብዕሩ ቆመ። ጓድ ታፈረ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«የትኛው በሬ?»

«የሚታረደው። መንደር ውስጥ ተካፋይ የሚበላው ሰው ነው፤ ወረቀት ላይ ግን የሚበላው ነገር ነው። አካፋዩ ደግሞ ስንት መደብ እንደሚሆን ይናገራል።»

«ቀሪስ?»

ፈንታ ወደ እኔ አየ። «ሁለት ዓይነት ነው፣ ጓድ። አንደኛው ቤቱ ያለ ነው። ሁለተኛው ቀንዱ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ረጅም ጊዜ ጻፈ። ምን እንደጻፈ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ ፈተናው። ከዚያ እርማት፦ እሱ ተቀምጦ እያየ እኔና ጓድ ታፈረ አረምን። ሰባት፣ ስምንት፣ አምስት፣ አሥር (ፈንታ! አሥር!)፣ ሦስት፣ ስድስት። ተካፋይና አካፋይን ያቀያየረ አራት ልጅ ብቻ ነው። ቆጠርን። ያለፈ ሃያ ዘጠኝ።

ሃያ ዘጠኝ። አንድ ጎደለ።

ከወደቁት መካከል ለማለፍ የቀረበው ወረቀት አንድ ነው፤ አራት ያገኘ። የእንጉዳይ ነው። ጓድ ታፈረ ወረቀቱን አነሣና ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ጣቱን አኖረ። ተካፋይ 22፣ አካፋይ 5። እሷ የጻፈችው፦ ድርሻ 3፣ ቀሪ 7።

«ሦስት አምስቴ አሥራ አምስት። ሰባት ሲጨመር ሃያ ሁለት። ይኸው መጣ! ይህ ልክ አይደለም?»

ሲደመር በእርግጥ ይመጣል። አንዲት ትንሽ ምልክት ብቻ፣ ከዚያ ሠላሳ፣ ከዚያ ጎንደር። ደግሞም የማንም ባለሥልጣን ልጅ አይደለችም፤ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ የምትመጣ ልጅ ናት። ለዚህች ልጅ ካልሆነ ለማን ነው የምራራው? ብዕሩን ያዝኩ።

«ቀሪ ከአካፋይ ሊበልጥ አይችልም» አልኩ። «ገና አካፍላ አልጨረሰችም።» ዜሮ አደረግሁበት።

ጓድ ታፈረ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«አንዲት ነጥብ እንደጎደለሽ አውቀሻል?»

«ቆጥሬያለሁ፣ ጓድ።»

«የዝውውር ደብዳቤሽ ቁጥር ስንት ነበር?»

በቃሌ ነገርኩት። በቃሌ ነው የማውቀው። ሪፖርቱ ላይ አይደለም የጻፈው፤ ከኪሱ የሲጋራ ፓኮ አውጥቶ ጀርባው ላይ ጻፈው። ለበጎ ይሁን ለክፉ ፊቱ ምንም አይናገርም። ሪፖርቱን አላሳየኝም። መኪናው ውስጥ ገባና ሄደ።

ውጤቱን ለልጆቹ ስነግር እንጉዳይ አላለቀሰችም። ደብተሯን ነጠላዋ ሥር ከታ ሄደች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ተኝቼ ማርፈድ ነበር ያሰብኩት። ትምህርት የለም። ማንንም ማየት አልፈልግም ነበር።

በሩ ተንኳኳ። እንጉዳይ ናት፣ እግሯ አቧራ ብቻ። በቅዳሜ፣ ያንን ሁሉ መንገድ!

«ምነው፣ ደኅና አይደላችሁም?»

«ደኅና ነን።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እትዬ፣ ሰባቱ ውስጥ አምስት አለ።»

መጀመሪያ አልገባኝም።

«ትናንት የቀረው ሰባት ነዋ። መንገድ ላይ ጠጠር አድርጌ አየሁት። ከሰባቱ አንድ አንድ ቢዞር ለአምስቱም ይደርስ ነበር። ቶሎ ነው ያቆምኩት። ድርሻው አራት ነው። ቀሪ ሁለት።»

«ልክ ነሽ» አልኳት። ጠጠሮቹን እስካሁን እጇ ውስጥ ጨብጣቸዋለች፤ ሃያ ሁለቱንም።

«አሁን ልክ ይሆናል?»

«ትናንት የጻፍሽው ያው ስሕተት ነው፤ ነጥቡ አይቀየርም። ዛሬ የሠራሽው ልክ ነው።»

ትከፋለች ብዬ ፈራሁ። ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ እንደ ትልቅ ሰው። ያገኘሁላትን ዳቦ ግማሹን በላች፣ ግማሹን ለመንገድ ያዘች። እስከ መታጠፊያው ሸኘኋት። ጠጠሮቹን አልጣለቻቸውም።

ጓድ ታፈረን ገበያ ላይ አገኘሁት። ፊቱን አዞረ፤ ከዚያ መልሶ «ፈንታ አሥር ማግኘቱ ግን…» አለና ሳይጨርሰው ሄደ። ከእሱ ይህም ብዙ ነው።

ያ ቁጥር ሲጋራ ፓኮ ላይ ለምን እንደተጻፈ አላውቅም። ፓኮው አሁን የት እንዳለም አላውቅም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም ዝም ስባል አበቃ ብዬ ነበር፣ ቀረሁ ብዬ ነበር።

ወረቀት አውጥቻለሁ። አራተኛውን ማመልከቻ ልጀምር ነው። በዚህኛው ላይ የጎንደሩን ሠላሳ ነጥብ፣ ሃያ ዘጠኙን ልጅ፣ ያልገለጥኩትን ወረቀት፣ ሁሉንም እጽፋለሁ። ማንም ያንብበው፣ ማንም አያንብበው።

ቶሎ ነው ያቆምኩት። ሰባቱ ውስጥ አምስት አለ።